የሮሚዮ ስደት ሦስት ቀን አልሞላም

ከቬሮና እስከ ማንቱዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ እንደመድረስ ማለት ነው። ሮሚዮ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከሚስቱ ተለይቶ ወደ ማንቱዋ ሄደ። ሐሙስ ሌሊት ተመልሶ መጣና ሚስቱ በተቀበረችበት ቤት ውስጥ ሞተ። ሰው ሁሉ የፍቅር ታሪክ እያለ በሚያውቀው የሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ያለው ስደት በቃ ይኸው ነው፤ ሦስት ቀን ያልሞላ፣ በፈረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ።

እኛ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ባለፈው ክረምት ከመግሪብ በኋላ በአንዱ ጓደኛችን ሱቅ እየተሰበሰብን ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። ገሚሶቻችን በእንግሊዝኛው፣ ገሚሶቻችን ደግሞ ከበደ ሚካኤል በመለሱት አማርኛ ተከታተልን። ከመካከላችን ሁለቱ ከዓረብ አገር ተመላሾች ናቸው፤ አንዱ ከሳዑዲ፣ አንዱ ከኩዌት። የቀረነውም ብንሆን ወንድም ወይም እህት እዚያ የሌለው የለም። ለዚህ ይሆናል፣ ዓለም የሚያወራለት የሰገነቱ ትዕይንት ብዙም ሳይዘን አለፍነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ስንደርስ ግን ሳምንት ሙሉ ቆምን።

ላላነበባችሁ ባጭሩ እንንገራችሁ። በቬሮና ከተማ ሞንታግና ካፑሌት የሚባሉ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። የሞንታግ ልጅ ሮሚዮ የካፑሌትን ልጅ ጁሊየትን በድብቅ ያገባል። በዚያው በሠርጉ ዕለት የጁሊየት ዘመድ ቲባልት የሮሚዮን ጓደኛ መርኩሺዮን ይገድላል፤ ሮሚዮም በጓደኛው ደም ተቃጥሎ ቲባልትን ይገድላል። የከተማዋ መስፍን ዳግመኛ ጠብ ያነሳ በነፍሱ እንደሚከፍል አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ሆኖም ነገሩን የጀመረው ቲባልት በመሆኑ የሞቱን ቅጣት ወደ መባረር ቀነሰው። ሮሚዮ ከእንግዲህ ከተማዋ ውስጥ ከተገኘ ግን የተገኘባት ሰዓት የመጨረሻው ትሆናለች።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሳ። ይህ የእኛ ሰው የሚሄደው ዓይነት ስደት ነው ወይ? አንደኛችን አይደለም አለ፤ ሮሚዮን አባረሩት፣ የእኛ ልጆች ግን ቪዛ ገዝተው፣ ተሳስመው፣ ሻንጣ ጎትተው ነው የሚሄዱት። ከኩዌት የተመለሰው ጓደኛችን ሳቀ። ሲሄዱማ በፈቃድ ነው አለ፤ ፓስፖርትህን ከፊሉ ኪሱ ከከተተው በኋላ ግን አባትህ ቢሞት መምጣት አትችልም፤ ያኔ ማን እንዳባረረህ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። እኛም ከዚያ በኋላ ስደት የምንለው፣ ሰው ቤቱ መመለስ ሲፈልግ መመለስ የማይችልበትን ሁሉ ነው።

ሮሚዮ ሰው ከገደለ በኋላ የተደበቀው ያጋባቸው መነኩሴ፣ አባ ሎረንስ ዘንድ ነው። ፍርዱን ይዘውለት የመጡት እሳቸው ናቸው። የያዙት ዜና ለሳቸው የምሥራች ነው፤ ሞት የተፈረደበት ሰው በሕይወት እንዲኖር ተፈቀደለት። ለሮሚዮ ግን ከሞትም የባሰ ነው። እሳቸው ዓለም ሰፊ ናት ሲሉት፣ እሱ ከቬሮና ግንብ ውጭ ዓለም የሚባል ነገር አይታየውም። ድመቱና ውሻው፣ አይጧ ሳትቀር ጁሊየት ያለችበት ከተማ ውስጥ እየኖሩ እሷን ማየት ሲችሉ እኔ ግን አልችልም እያለ ያለቅሳል። መሬት ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። በር ሲንኳኳ ተነስተህ ተደበቅ ቢሉት እንኳ አይነሳም።

ይህን ስናነብ ከሳዑዲ የተመለሰው ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና፣ የመጀመሪያዋን ወር ስለ አገሩ ሲያስብ በዓይኑ ይመጣበት የነበረው እናቱ እንዳልነበሩ ነገረን። ይመጣበት የነበረው በራቸው ላይ የሚተኛው ቡችላ ነው። እሱ ግቢው ውስጥ አለ፣ እኔ የለሁም እያለ ይበግን ነበር። ሼክስፒር ሳዑዲ አልሄደም፤ ግን ይህችን ያወቃት ይመስላል።

አባ ሎረንስ መጀመሪያ የሞከሩት ማጽናናት ነው። መከራን የሚያቀል ጥበብ ልስጥህ አሉት። ሮሚዮ ጥበቡን ወዲያ በለው አለ፤ ጁሊየትን ካልሠራልኝ፣ ከተማ ካላዛወረልኝ፣ ፍርድ ካልሻረልኝ ምን ያደርግልኛል? ደግሞም የማይሰማዎትን ነገር እንዴት ይናገራሉ? እርስዎ እንደኔ ወጣት ቢሆኑ፣ ካገቡ ገና ሰዓት ያለፈዎ ቢሆኑ፣ ሰው ገድለው የተባረሩ ቢሆኑ ያኔ ይናገሩ ነበር አላቸው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ለሮሚዮ ፈረድንለት። ስንቶቻችን ነን ሪያድ ወይም ቤይሩት ላለች እህታችን ስልክ ደውለን ሰብር አድርጊ ብለን የዘጋነው? ሰብር ትልቅ ነገር ነው፤ ቃሉን ማቅለላችን አይደለም። ግን ሞቀ ሻይ ይዞ፣ ቤቱ ተቀምጦ ለሚናገር ሰው ከአፉ የሚወጣበት ቅለትና፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት የሰው ዕቃ ስታጥብ ለምትሰማው ልጅ ያለው ክብደት አንድ አይደለም።

ነገሩ የባሰው የጁሊየት ሞግዚት ስትመጣ ነው። ጁሊየትም እዚያ ወድቃ እያለቀሰች እንደሆነ ሰማ። ራሱን ሊያጠፋ ጩቤውን መዘዘ። አባ ሎረንስ አስቆሙት፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተቀየረ። ተቆጡት። መልክህ የወንድ፣ እንባህ የሴት ነው አሉት። ይህን ከሳቸው አንወስድም፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገ ትውልድ ምን እንደሚሆን በየሰፈራችን እያየነው ነው። ራስህን ብትገድል በአንተ ሕይወት የምትኖረውን ሚስትህንም ትገድላለህ ያሉት ግን በቦታው ነው።

ከዚያ ያለውን ቆጠሩለት። ጁሊየት በሕይወት አለች። ቲባልት ሊገድልህ ነበር፣ አልገደለህም። ሕጉ ሊገድልህ ነበር፣ ወደ መባረር ለዘበልህ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሮሚዮ ገና አንዲት ቃል አልመለሰም። ቀና ያደረገው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ እኛም ሳምንት የቆምነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ተነስ፣ እንደተባባላችሁት ወደ ሚስትህ ሂድ አሉት። የሌሊት ዘብ ከመቆሙ በፊት ወይም ጎህ ሲቀድ ልብስህን ቀይረህ ውጣ፤ ዘቡ ከቆመ ወደ ማንቱዋ ማለፍ አትችልም። እዚያ ተቀመጥ። እኛ ደግሞ ጋብቻችሁን የምንገልጥበት ጊዜ እንፈልጋለን፣ ቤተሰቦቻችሁን እናስታርቃለን፣ ከመስፍኑ ምሕረት ለምነን እናስመልስሃለን። ለሞግዚቲቱም ቀድማ ሄዳ ቤተሰቡ በጊዜ እንዲተኛ እንድታስደርግ ነገሯት። ሮሚዮ ተነሳ። መሬት ላይ ተዘርግቶ የነበረው ሰው ሞግዚቲቱ የሰጠችውን የጁሊየትን ቀለበት ተቀብሎ፣ ልቤ ተመለሰ ብሎ ሄደ።

ሞግዚቲቱ እንዲህ ያለ ምክር ስትሰማ ብታድር እንደማይሰለቻት ተናግራ፣ መማር ደጉ ትላለች። እሷ የወደደችው ንግግሩን ይመስለናል። ሮሚዮን ያስነሳው ግን ንግግሩ አይደለም። ምክሩ ውስጥ ሰዓት አለ፣ በር አለ፣ መንገድ አለ፣ እዚህ ቀርቶ ስለሱ ጉዳይ የሚሮጥ ሰው አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሊቀበል ያልቻለውን ሰፊ ዓለም፣ ማንቱዋ የሚባል አንድ ስምና አንድ የመመለሻ ተስፋ ሲሰጠው ተቀበለው።

መካሪው ራሳቸው እንከን የለሽ አይደሉም። ሁለት ልጆችን ከወላጆቻቸው ደብቀው ያጋቡ ሰው ናቸው፤ በመጨረሻም መቃብሩ ውስጥ ድምፅ ሲሰሙ ጁሊየትን ብቻዋን ትተው ይሸሻሉ። ምክር የሚሰጥ ሁሉም አይሰማም ደግሞ። ያቺው ሞግዚት በማግሥቱ፣ ባልሽ ከአሁን በኋላ አይመለስም፣ ሌላውን አግቢ ብላ ጁሊየትን መከረቻት። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከጡቷ ጠብታ ያደገችባትን ሴት በዚያች ደቂቃ ለየቻት፤ ከዚያ ወዲያ ምሥጢሯን አልነገረቻትም። የስደተኛ ሚስትን ወይም ባልን በዚህ ዓይነት ምክር የሚያፈርሱ ሰዎች በየሰፈሩ ስላሉ ይህችን ትዕይንት ለአንዳንድ ጎረቤቶቻችን ብናነብላቸው ደስ ባለን።

አባ ሎረንስ ለሮሚዮ ከሰጡት ምክር ውስጥ በመጀመሪያ ንባብ ያለፍናት አንዲት ነገር አለች። ማንቱዋ ስትቀመጥ አሽከርህን አገኘዋለሁ፣ እዚህ የሚሆነውን ደግ ደጉን ሁሉ በየጊዜው ያደርስልሃል ብለውታል። ደግ ደጉን። ክፉው የመጣ እንደሆነ በማን በኩል፣ እንዴት እንደሚነገረው አልተነጋገሩም። የዜናው ገመድ የተዘረጋው ለደስታ ብቻ ነው።

የሆነውን ታውቃላችሁ። ጁሊየትን ያለፈቃዷ ሊድሯት ሲሉ አባ ሎረንስ 42 ሰዓት እንደ ሬሳ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጧት። ሞተች ተብላ ተቀበረች። እሳቸው እውነቱን ጽፈው በሌላ መነኩሴ፣ በአባ ጆን እጅ ወደ ማንቱዋ ላኩ። አባ ጆን አብሯቸው የሚጓዝ ወንድማቸውን ፍለጋ ሲሄዱ፣ ተላላፊ በሽታ የገባበት ቤት ነበሩ ተብለው ተጠርጥረው ተዘጋባቸው። ለሼክስፒር ይህ ተረት አልነበረም፤ ተውኔቱን ከመጻፉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1592 እና በ1593፣ ለንደን ውስጥ በወረርሽኝ ምክንያት ቲያትር ቤቶች ተዘግተው ነበር። የኮሮናን ጊዜ ያየን ሰዎች በአንድ በር መታሸግ ስንት ነገር እንደሚቆም ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ደብዳቤው ሳይደርስ ቀረ።

የደረሰው አሽከሩ ባልታዛር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ጁሊየት ስትቀበር በዓይኑ አየ፤ ፈረስ ተከራይቶ ከነፈ። ሮሚዮ ደስ የሚል ሕልም አልሞ ቆሞ ሲጠብቅ አገኘው። ከአባ ሎረንስ ደብዳቤ አላመጣህም ወይ፣ ጁሊየት እንዴት ናት፣ አባቴ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ደግሞ ጁሊየትን ጠየቀ። ባልታዛርም እዚያው በቆመበት ነገረው።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። የሚደግፈው ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል። ከተነገረው በኋላም ማንም ብድግ ብሎ አይሄድም። ይህን ወግ ኋላ ቀር የሚሉ አሉ፤ ጊዜ ይፈጃል ይላሉ። ማንቱዋ ላይ የጎደለው ግን ይኸው ነበር። ባልታዛር የጌታው ፊት ሲገረጣ አይቶ ፈራ፤ ታገሥ ብሎ ለመነው። ሮሚዮ ግን ተሳስተሃል፣ ምንም የለብኝም፣ ሂድና ፈረስ ተከራይ አለው። ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ከአባ ሎረንስ ደብዳቤ የለህም? ብሎ ጠየቀ። የለኝም ሲባል፣ ግድ የለም አለ። ባልታዛር ሄደ።

ያቺን ግድ የለም ደጋግመን አነበብናት። የመጨረሻዋ በር እሷ ነበረች። ሮሚዮ ምክር አይሰማም የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። ባዶ እጁን የመጣውን ሰው ስለ ደብዳቤ ሁለቴ የጠየቀው እሱ ነው። ማንቱዋ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው የለውም። ባልታዛር ከሄደ በኋላ ያነጋገረው ብቸኛ ሰው ረኀብ ያከሳው መድኃኒት ሻጭ ነው፤ እሱም ሕግ የከለከለውን መርዝ በ40 ዱካት የሸጠለት ድህነቱ አስገድዶት ነው።

አንድ ጓደኛ አለን። ስሙን አንጠራም፤ ይህን እንድንጽፍ ግን ፈቅዶልናል። ጅዳ ሹፌር ነው። እናቱ አራት ወር ታመው ሲተኙ ከቤት የሚነገረው ደህና ናቸው ብቻ ነበር። በቪዲዮ ሲደውል ትራሳቸውን ከፍ አድርገው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ያቀርቡለት ነበር። እሳቸውም ፈገግ ይሉ ነበር፤ ልጄን እንዳታስጨንቁብኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ያረፉት ከዙህር በፊት ነው፤ ከዐስር በኋላ ተቀበሩ። ቤተሰቡ ለልጁ እንዴት እንንገረው እያለ ሲመካከር አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብሎ ጻፈ። ጓደኛችን ይህን ያየው መኪናው ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀ ነው። ስልኩን አጠፋ።

አንደኛችን አብሮት የሚኖር ልጅ ቁጥር ነበረው። ደወልንለት። ልጁ ከሥራው ተነስቶ ሲፈልገው አመሸ፤ ሌሊት ከባሕሩ ዳር መኪና ማቆሚያ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀምጦ አገኘው። ምንም አላለውም። ሁለት ሻይ ገዝቶ ጎኑ ገባ፤ ፈጅር እስኪሆን አብረው ተቀመጡ።

ወር ካለፈ በኋላ ጓደኛችን ደወለና አንድ ነገር ለመነን። ከእንግዲህ ክፉውንም ንገሩኝ አለ። የሞቱን ዜና ማየቱ አይደለም የጎዳው። አራት ወር ሙሉ ሊሰናበታቸው ሲችል፣ አውፉ በሉኝ ሊላቸው ሲችል፣ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ መክረማቸው ነው። አሁን በመካከላችን ለእሱ ዜና የሚያደርስ አንድ ልጅ መርጠናል። ቤተሰቡም ተስማምቷል። የአባቱ ስኳር ከፍ ሲል ከፍ ማለቱን ይነግረዋል፤ ከመንገሩ በፊት ግን አብሮት ለሚኖረው ልጅ ይደውልና ዛሬ ማታ ቤት ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል።

ተውኔቱን ስንጨርስ፣ ከኩዌት የተመለሰው ጓደኛችን ወደ ኋላ ተመለሱ፣ አንድ ሰው ዘለላችሁ አለን። ተመለስን። ጎህ ሲቀድ ሰው ሁሉ መቃብሩ ዘንድ ተሰብስቧል። የሮሚዮ አባት ሞንታግም ይመጣል። የልጁን ሬሳ ገና ሳያይ ለመስፍኑ ሚስቱ በዚያች ሌሊት መሞቷን፣ የልጇ መባረር ሐዘን ትንፋሿን እንዳቆመው ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ስለዚህች ሴት ማንም አንዲት ቃል አይናገርም።

ወደ መጀመሪያው ገቢር ገልብጠን ፈለግናት። እዚያ ጠብ ተነስቶ ሲበርድ ትገኛለች፤ ልጄ የት ነው ብላ ትጠይቃለች፣ ከጠቡ ስፍራ አለመኖሩን ስትሰማ ደስ ይላታል። ተውኔቱ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ አይሰማም። ሮሚዮ ማንቱዋ ላይ ባልታዛርን ሲያጣድፈው የጠየቀው ስለ ጁሊየትና ስለ አባቱ ነው። ከመሞቱ በፊት በባልታዛር እጅ የላከው ደብዳቤም ለአባቱ ነው፤ እናቱን አላነሳም። በሕይወት አለች ብሎ ይሆናል።